የእህቴ ባል፣ ቢጫው ሳጥን እና የደበቅኳቸው ብሎኖች

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ አናጢ ነኝ። እርሳስ ከጆሮዬ ላይ ባይጠፋም የምጽፈው እንጨት ላይ ነው፤ እሱም ቁጥርና መስመር ብቻ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ልክ እንደ ረጅም ጣውላ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሳነሳ ሌላው ይወድቅብኛል። ስለዚህ ጠማማ ነገር ብታዩ እባካችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። "ዝም አይነቅዝም" እያልኩ ነው እዚህ ዕድሜ ላይ የደረስኩት።

የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ የሚያወጡት መጽሔት አላቸው። እሱ ላይ ስለ አንድ ሠራተኛ ሕይወት ይጻፋል። ዘንድሮ የተመረጠው የእህቴ ባል ነው። እህቴን "አንቺ ስለምታውቂው ጻፊልን" ቢሏት፣ "እኔ ከጻፍኩማ ትዳሬ ይፈርሳል፤ ትንሹ ይጻፍ" አለቻቸው። ትንሹ ማለት እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

የእህቴን ባል እናንተ የምታውቁት "አቶ ርቀት" በሚለው ስሙ ነው። ለማያውቁት ግን ሥራው እንዲህ ነው። ለመንገድ የተደለደለው አፈር ላይ ከባዱ መጠቅጠቂያ መኪና፣ ዳምጠው፣ ሲመላለስ ይውላል። ከዚያ የእህቴ ባል ይመጣና መሣሪያውን አፈሩ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ያያል። "በቂ ነው" ካለ በቂ ነው። "ገና ነው" ካለ ዳምጠው እንደገና ይመላለሳል፤ ሾፌሩም በሆዱ ይሰድበዋል። መሣሪያው ሆድ ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ጨረር የምታወጣ ነገር አለች። ያቺ ናት አፈሩ ምን ያህል እንደጠበቀ የምትነግረው።

"አትፍራት፤ ግን አትናቃት" ይለኛል። "እንደ ምድጃ እሳት ቁጠራት። አጠገቧ ቶሎ ካለፍክ አትፈጅህም። ራቅ ካልክ አትፈጅህም። በመካከላችሁ ግድግዳ ካለ አትፈጅህም። ጊዜ፣ ርቀት፣ ከለላ። አለቀ።"

ጊዜ፣ ርቀት፣ ከለላ። ችግሩ ይህችን ነገር ቤትም ይዟት መግባቱ ነው። እህቴ ስትቆጣ መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል። ቀጥሎ ወደ በሩ ይርቃል። ካልበረደላት ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይቆማል። ቁም ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጣውላው ወፍራም ነው። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ከሙሽራዋ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው የቆመው። ፎቶ አንሺው "ጠጋ በሉ እንጂ" ሲል የተጠጋችው እህቴ ናት።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፣ አንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን መሣሪያውን የሚጭነው የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ሞተሩ ተቃጠለ። ሌላ መኪና የለም። እሱም "በራሴ መኪና እጭነዋለሁ" አለ። መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ ያረጀች ናት። እህቴ "ድንቢጧ" ትላታለች።

እኔ በግል መኪና የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ይቻላል፤ ደንቡ ግን ብዙ ነው። የጨረር ቢሮ ተቆጣጣሪ መጥታ መኪናዋን ማየት አለባት። መኪናዋ ካለፈች ሥራው ይቀጥላል። ካላለፈች መሣሪያው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ እሱም መጋዘን ገብቶ የሲሚንቶ ከረጢት ይቆጥራል።

"ከረጢት ምን ይነግረኛል?" አለን አንድ ቀን ምሳ ላይ። "አፈር እኮ ያናግረኛል።"

እህቴ ያን ቀን አልተቆጣችውም። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ።

ከፍተሻው በፊት ልምምድ ያስፈልጋል አለ። ልምምዱ በሽንኩርት ነበር። ከእህቴ ጋር ከገበያ ሲመለሱ አራት ኪሎ ሽንኩርት ከኋላ አስሮ ቆለፈበት። ቀጥሎ ወረቀት ጻፈ። "የተጫነው፦ ሽንኩርት። ክብደት፦ አራት ኪሎ። ላኪ፦ ባለቤቴ። ተቀባይ፦ ባለቤቴ። አደጋ ቢደርስ የሚደወልላት፦ ባለቤቴ።" ወረቀቱን እጁ የሚደርስበት ቦታ አደረገው፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ይወርዳል፤ እሱ ባይኖር እንኳ የመጣ ሰው ምን እንደተጫነ እንዲያውቅ። እህቴ በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል ከለከላት።

"ስምሽ ፈቃዱ ላይ የለም።"

"ምን አልክ?"

"ፈቃድ የሌለው ተሳፋሪ አይገባም። ደንብ ነው።"

"ሽንኩርቱ የእኔ አይደለም እንዴ!"

"የአንቺ ነው። ላኪ ብዬ ጽፌሻለሁ እኮ።"

ሽንኩርቱ በመኪና መጣ፤ እህቴ በእግሯ መጣች። እሱ ለጭነቱ ሲል በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስለሚነዳ ግን ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ደርሳም በሩን ከውስጥ ቆለፈችበት። ያን ዕለት ጊዜውንም፣ ርቀቱንም፣ ከለላውንም በደንብ አገኘው።

ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ መጣ። እንደ ልማዱ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ።

"ትንሹ፣ አንድ ነገር ትሠራልኛለህ። የመሣሪያው ሳጥን ከድንቢጧ ኋላ ሲጫን ንቅንቅ የማይልበት የእንጨት መያዣ። ፍሬን ስይዝ ወደ ፊት እንዳይመጣ፣ ጉድጓድ ስገባ እንዳይዘል። ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።"

"እሺ ጋሼ።"

"ከላይ የምትጋደመውን እንጨት በአራት ብሎን ታስይዛታለህ። እኔ ጠዋት ጠዋት አጠብቃታለሁ፣ ማታ ማታ እፈታታለሁ።"

"እሺ ጋሼ።"

ይህን መናገሩን አልክድም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥፋቴን ለማስረዳት ግን ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ አናጢ፣ "የብሎን ራስ የሚታይበት ዕቃ ሱሪውን ረስቶ የወጣ ሰው ነው" ይሉ ነበር። ስለዚህ ብሎኑን ጠለቅ አድርጌ አስገባለሁ። ቀዳዳውን ከዚያው እንጨት በተቆረጠ ውታፍ እደፍነዋለሁ። በኮላ አጣብቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ የእንጨቱን ጅማት ከጅማት አገናኘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰይጣንም ፈልጎ አያገኘው። ይህ ሥራ ሲይዘኝ ሌላ ነገር አይታየኝም። አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቼላቸው፣ ሲያልቅ በበሩ አልወጣም አለ። ቤት ሲለቁ ለሚቀጥለው ተከራይ ትተውለት ሄዱ። ይህን ካነበቡት እሳቸውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። ተቆጣጣሪዋ ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣለች ተባለ። መያዣውን አስቀድሜ በባዶው ሳጥን ለክቼ ሠርቼዋለሁ። ጠዋት የእህቴ ባልና አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሣሪያውን በሳጥኑ ቆልፈው፣ ሳጥኑን ተሸክመው ድንቢጧ ላይ ጫኑት። ሳጥኑ ቢጫ ነው፤ የጨረር ምልክት ተለጥፎበታል። እኔ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አራት ሜትር ርቄ እንድቆም የእህቴ ባል መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመረልኝ። ብሎኖቹንም እሱ ራሱ አጠበቃቸው።

ወዲያው ከቢሮ ተጠራ። አንዱ ወረቀት ላይ ማኅተም ጎድሎ ኖሯል።

"ዝም ብለህ እያየኸው ቁም" አለኝ። "ማንም እንዳይጠጋ። አንተም መስመሯን እንዳታልፍ።"

ቆምኩ። መስመሯንም አላለፍኩም። ጥበቃው ግን መጣ። የግቢው ጥበቃ ቀልደኛ ነው፤ ሰው ሲቀልድ እኔ ያልበኛል። መጥቶ ድንቢጧን ተደገፋት። ከኋላ "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"አናጢ" አለኝ፣ "ሥራህ ይናገራል።"

እንደገና ተደገፋት። "ቋ።" ሳጥኑና እንጨቱ መካከል የግማሽ ጣት ክፍተት አለ ማለት ነው። ጥበቃው "ቋ፣ ቋ" እያለ አብሮት መዝፈን ጀመረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ "ቋ" ቢል፣ የእህቴ ባል ዕድሜ ልኩን ከረጢት ሲቆጥር ታየኝ። መስመሯን አለፍኩ።

ብሎኖቹን ፈታሁ፣ በክፍተቱ ስስ እንጨት አስገባሁ፣ መልሼ አጠበቅኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን አራቱ የብሎን ራሶች ቁልጭ ቁልጭ እያሉ አዩኝ። ሱሪያቸውን የረሱ አራት ሰዎች። ውታፍ ኪሴ ውስጥ አለ። ኮላም አለ። እጄ ራሱ ነው የሠራው ብዬ ብምል አታምኑኝም። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስጨርስ ብሎን አይታይም፣ መጋጠሚያ አይታይም። ጥበቃው ድንቢጧን በሁለት እጁ ቢነቀንቃት፣ እሷ ወዲህና ወዲያ አለች፤ ሳጥኑ ግን ወይ ፍንክች!

በዚህ መካከል እህቴ ምሳ ይዛ መጣች።

"አንተ ልጅ፣ እዚያ አጎንብሰህ ምን ትሠራለህ?"

"መያዣውን እያስተካከልኩ ነበር፣ እትዬ።"

"መሣሪያው ውስጡ የለማ?"

"አለ፣ እትዬ።"

ምሳ ዕቃው ከእጇ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ክንዴን ይዛ እየጎተተች የጥበቃው ክፍል ውስጥ ከተተችኝ። መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ዘጋች። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

"ምን ሆነሻል?"

"ዝም በል! የምታበራ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ጥበቃው ተጋፍቶ ገባ።

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ?" አለችው እህቴ።

"እንዴ፣ የሚያበራ ከሆነ እኮ ለማታ ጥበቃ እፈልገዋለሁ!"

ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

"ይኸው! ቀይ ነገር! እዚህ ጋ ያበራል! ወይኔ ወንድሜን!"

"ኧረ እሱ የእኔ ሲጋራ ነው" አለ ጥበቃው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የእህቴ ባል ማኅተም የተደረገበትን ወረቀት ይዞ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። እህቴ ነገረችው። እሱም እርሳስ አውጥቶ በወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰላ። ምን ያህል ደቂቃ ቆየህ? እጅህ የት ነበር? ደረትህስ? እያንዳንዱን ጠየቀኝ።

"ደረትህን ራጅ ብትነሳ ከምታገኘው በብዙ ያነሰ ነው" አለ በመጨረሻ። "ደግሞ ጨረር የነካው ሰው አያበራም። ይህን ማን ነው ያስተማራችሁ? ግን ትንሹ፣ መስመር እኮ መስመር ነው!"

ሲቆጣ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሲቆጣም ራቅ ብሎ ነው። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትቼህ መሄድ አልነበረብኝም" ብሎ ወደ ድንቢጧ ሄደ። ሳጥኑን ገፋው፣ ሳበው። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። "በዚህስ አንጀቴን አራስከው" አለኝ። ስለ ብሎኖቹ ልነግረው አፌን ስከፍት የተቆጣጣሪዋ መኪና በሩ ላይ ጥሩምባ ነፋ።

ተቆጣጣሪዋ አጭር ናት፤ መነጽሯ ወፍራም፣ ወሬዋ ጥቂት። እኔ የውኃ በርሜሉ ጀርባ ተሸሸግኩ። ወረቀቱን ጠየቀች፤ እጁ ላይ ነበር። የእሳት ማጥፊያውን አየች። ጠቅ ጠቅ በሚል መለኪያ ዙሪያውን ለካች። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣም ለካች። ከዚያ ሳጥኑን ገፋችው። በሁለት እጇ ገፋችው። እግሯን መሬት ተክላ ስትገፋው ድንቢጧ ራሷ ተወዛወዘች።

"እንዲህ ያለ መያዣ አይቼ አላውቅም" አለች፤ ጻፈችም።

የእህቴ ባል ጆሮዎቹ በደስታ ቀሉ።

"ጥሩ ነው። አሁን አውጡትና መጋዘን አስገቡት። መኪና ውስጥ አያድርም።"

እሱም ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ አጎነበሰ። ፈለገ። መነጽሩን አወለቀና ፈለገ። መነጽሩን መልሶ አደረገና እንጨቱን እንደ ዓይነ ሥውር በጣቱ ዳሰሰው።

"ትንሹ" አለ ቀና ሳይል። "ብሎኖቹስ?"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። እኔ ግን የታጠቅኩት ተረጋግቼ ነው፤ ስለዚህ አይፈታም።

"አናጢ!" አለ ጥበቃው፣ "ሳጥን አስቀምጥ ቢሉህ ቀበርከው እንዴ!"

"አንተ ዝም በል!" አለችው እህቴ።

ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። የእህቴ ባል በመዶሻ ቢመታስ ብሎ ጠየቀ። መዶሻ ሳጥኑን አይነካም አለችው። መጋዝስ? መጋዝ ሳጥኑ አጠገብ አይደርስም። ጥበቃው፣ "ታዲያ መኪናዋን ከነሆዷ መጋዘን እናስገባት" አለ። የመጋዘኑ በር በአራት ጣት ይጠባታል፤ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። እህቴ በርሜሉ ጋ ስትመጣ በጆሮዋ "በሩን ከነመቃኑ ልንቀለው እችላለሁ" አልኳት። ለእሷ ብቻ ነበር ያልኩት።

"በሩን ልንቀለው ይላል!" ብላ ጮኸች።

"በር የሌለው መጋዘን፣ መጋዘን አይደለም" አለች ተቆጣጣሪዋ። እስክሪብቶዋንም ከፈተች።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥኖች ተሥለዋል። አንዱ "አልፏል" ይላል፣ ሌላው "አላለፈም"። እስክሪብቶው ወደ ሁለተኛው ሲሄድ ከበርሜሉ ጀርባ ይታየኛል። የእህቴ ባል ግን አንድ ነገር ብቻ አደረገ። እየተራመደ ሄዶ እህቴ አጠገብ ቆመ። ክንዱ ክንዷን እስኪነካ ተጠግቶ ቆመ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ሲጠጋት አላየሁትም። እሷም ደንግጣ ዞር ብላ አየችው።

ያን ጊዜ ከበርሜሉ ጀርባ ወጣሁ።

"እኔ ነኝ የደበቅኳቸው" አልኩ። ድምፄ የወጣው እንደ አይጥ ነው። "መስመሯንም ያለፍኩት እኔ ነኝ። ያለሁበትን አውቃለሁ፤ ማለቴ ብሎኖቹ ያሉበትን። ያለ መጋዝ አወጣቸዋለሁ።"

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ዘጋች።

"ያልተመዘገበ ሰው አይነካውም" አለች። "ግን በእኔ ፊት፣ ለአንድ ሥራ ብቻ፣ ደንቡን አንብቦና ተረድቶ ለፈረመ ሰው መፍቀድ እችላለሁ። ይኸው። ጮክ ብለው ያንብቡ።"

ሁለት ገጽ ሰጠችኝ። ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ።

ብሎን ከመደበቅ ይልቅ እኔ ስደብቅ የኖርኩት ይህንን ነው። ደብዳቤ ሲመጣልኝ "መነጽሬን ረሳሁ" እላለሁ። መነጽር የለኝም። እህቴ ታውቃለች።

"እኔ ላንብብለት" አለች ቶሎ ብላ።

"አይቻልም" አለች ተቆጣጣሪዋ።

ጣቴን የመጀመሪያው ቃል ላይ አስቀመጥኩ። ጣውላ ስለካ እንደማደርገው ቀስ ብዬ ጀመርኩ። "ጨ... ረ... ር... ጨረር። አ... መን... ጪ..." ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ማንም አልሳቀም። ጥበቃው እንኳ አልሳቀም፤ እሱ የተቸገረው መጠበቁን ስላልቻለ ነው። "እንዳ... ይን..." ስል፣ "እንዳይንቀሳቀስ!" ብሎ ይጮኻል። ተቆጣጣሪዋ፣ "አይንገሩት" ትለዋለች። ዝም ይላል። ደግሞ ይረሳና ይጮኻል። "እንዳይንቀሳቀስ" የሚለው ቃል ሦስት ቦታ አለ። ራሱም የሚንቀሳቀስ ቃል አይደለም።

መሣሪያው ሁልጊዜ በተቆለፈ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ ከሾፌሩ የተቻለውን ያህል ይርቃል። መኪናው ያለ ጠባቂ ክፍት አይተውም። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ሰው ማራቅ፣ ቀጥሎ ስልክ መደወል። እንዲህ እያልኩ ሁለተኛው ገጽ ደረስኩ። "ፈቃድ... የሌ... ለው... ተሳ... ፋሪ... መጫን... ክል... ክል... ነው።"

"እንዴ!" አለች እህቴ። "እውነት ደንብ ነው ለካ!"

"ነግሬሽ ነበር" አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

"እኔ ከራስህ ያወጣኸው መስሎኝ ነው እኮ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውጭ ያስቀመጥኩህ!"

"ይቀጥሉ" አለች ተቆጣጣሪዋ።

ጨረስኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጥበቃው ደንቡን በቃሉ ይዞታል፤ እስከ ዛሬ በር ላይ ለሚገባ ሰው ሁሉ ይነግራል።

"አንድ ጥያቄ" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ሾፌሩ ሲወርድ ወረቀቱን የት ያደርጋል?"

"የራሱ ወንበር ላይ" አልኩ። ደስ ስላለኝ፣ "ሽንኩርት ቢሆንም" ብዬ ጨመርኩ።

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ግን ፈረምኩ፤ ሙሉ ስሜን፣ አንድም ፊደል ሳልስት። የጨረር መለኪያ ባጅ ደረቴ ላይ ሰካችልኝ። ሄጄ እንጨቱን አንድ ጊዜ በመዳፌ ደባበስኩት። አራቱን ውታፎች በመሮ ጫፍ ፈልቅቄ፣ አራቱን ብሎኖች ፈታሁ። ስድስት ደቂቃ። ሳጥኑ ወጣ። እህቴ አጨበጨበች።

ተቆጣጣሪዋ ቁጭ ብላ ጻፈች። ለእህቴ ባል ማስጠንቀቂያ ጻፈችበት፤ መሣሪያውን ላልተመዘገበ ሰው ትቶ ስለሄደ። እሱም "ትክክል ነው" ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሁለቱን ሳጥኖች ግን ባዶ ተወቻቸው።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተመልሼ እመጣለሁ። እንጨቷ በማጠፊያ ትከፈት፣ በጓጉንቸር ትቆለፍ። ያ ከሆነ ያልፋል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እባክዎ፣ የሚታይ ማጠፊያ።"

ያን ቀን እስኪመሽ ሠራሁ። ማጠፊያው ከነብሎኖቹ ራስ ፊት ለፊት ገጠጠ። ሳየው ያሳፍረኛል፤ ግን ይሁን። የእህቴ ባል ማስጠንቀቂያውን ይዞ መጣና ክፈፍ እንድሠራለት ጠየቀኝ። "በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው፤ እየረሳሁት ደግሜ እንዳላጠፋ ግድግዳ ላይ ይሰቀል" አለ። ሠራሁለት። ክፈፉ ላይ አንድም ብሎን አይታይም፤ እዚያ ላይ ደንብ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ በሰዓቷ መጣች። እንጨቷን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ቆለፈች። ሳጥኑን ገፋችው፤ ወይ ፍንክች። ክፈቱ አለች፤ ተከፈተ። ሳጥኑን አወጡት፣ መልሰው ጫኑት። "አልፏል" የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ቡናማ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። የእህቴ ባል ፈቃዱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀቶቹን እጁ የሚደርስበት አድርጎ ሞተሩን አስነሳ። የሚሄደው መንገዱ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ዳምጠው ከትናንት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እኔም ሥራዬን መንገድ ላይ ላየው ፈለግኩ። በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ በመስኮቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ደንቡን አንብበናል። እጄን መለስኩ።

እሱ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወጣ። እኔ በአቋራጭ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ የዳምጠው ሾፌር "የታል ሰውየው?" አለኝ። "እየመጣ ነው" አልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አውልቄ ጠጠር አራገፍኩ። ብዙ ቆይቶ ድንቢጧ ብቅ አለች። ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለች ስትመጣ ጆሮዬን ጣልኩ፤ "ቋ" የሚል የለም። የእህቴ ባል ቆመ፣ ወረደ፣ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ወደ ኋላ ዞሮ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ቢጫውን ሳጥን ከማውጣቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ።

"ትንሹ፣ ራቅ በል" አለኝ።

ድንጋዬን ይዤ ራቅ አልኩ።